ዳቦው ውስጥ የቀረው ብረት

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ቅባት ይቀባሉ ወይስ እንደ አምናው "ሽታው ያስነጥሰኛል" ብለው ለጎረቤት ሰጡት? ዶሮዎችዎስ ደህና ናቸው? ያቺ ቀይዋ የእንግዳ ጫማ ውስጥ መተኛቷን ተወች? እኔ ጸሎትዎ ደግፎኝ፣ የፈጣሪ ቸርነት ሳይለየኝ፣ ጨጓራዬ አልፎ አልፎ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው ደብዳቤ የጻፈው ብለው እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። አይደንግጡ። የሞተ ሰው የለም፤ የታመመም የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ላይ "ጮክ በል፣ አልሰማህም" ይሉኛል፤ እኔ ስጮህ ደግሞ በደረጃው የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ ይሰማኛል። የዛሬው ጉዳይ የሚጮህበት አይደለም። ደግሞም እውነቱን ልንገርዎትና በአፌ ልነግርዎት ሦስት እሑድ ደውዬ ሦስቱንም እሑድ ስለ ጉልበትዎ ጠይቄ ዘግቻለሁ። በመጨረሻው "አንተ ልጅ፣ ከጉልበቴ በላይም ሰው አለ እኮ" ያሉኝ ለዚያ ነው። ገብቶኛል። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። ብዕር ይሻላል፤ ብዕር ቢንተባተብም አይሰማም።

አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። ከልመናው በፊት ግን ጥፋቴን መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱ ሳይነገር ልመናው አይገባዎትም። እባክዎ እስከ መጨረሻው ሳይደርሱ መነጽርዎን አያውልቁ። ቢቆጡም ጨርሰው ይቆጡ።

ጥፋቴ ይኸውልዎት፤ የልጅዎን የዳቦ ማሽን ልብሱን ገለጥኩት።

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከባለቤቴ ቀብር መልስ ሰው ሁሉ ሄዶ እርስዎና እኔ ብቻችንን ስንቀር፣ "ቤቷን እንዳለ አቆይልኝ" ብለውኛል። አቆይቻለሁ። ነጠላ ጫማዋ በሩ ሥር እንዳለ ነው። መነጽሯ መስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ አቧራውን ጠርጌ እዚያው ቦታ ላይ፣ ወደዚያው ወገን አዙሬ እመልሰዋለሁ። እርስዎ በዓመት አንድ ጊዜ ሲመጡ ሁሉንም በዓይንዎ ይዞሩና፣ ምንም ሳይናገሩ ራስዎን ነቅነቅ አድርገው ይቀመጣሉ። ያቺን ነቅነቅ እንደ ምስክር ወረቀት ነው የምቀበላት። ማሽኑም ከአሮጌ ቀሚሷ በሰፋችለት ባለ አበባ ልብስ እንደ ተሸፈነ መደርደሪያው ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጧል።

ማሽኑን የገዛች ሰሞን የተናገሩትን አልረሳሁትም። "ዳቦ የሚጋግር ዕቃ ከመጣ ባል የሚሆን ዕቃም አይቀርም፤ እሱ እንኳ አያንኮራፋ ይሆናል" አሉ። እሷ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ አኩርፌ ወጣሁ። ዛሬ ራሴን ስመረምር ያኮረፍኩት ስለማንኮራፋ ነው።

ልብሱን የገለጥኩት ግን ወድጄ አይደለም፤ ዳቦ አጥቼ ነው። "የድንጋይ ዳኛ" እያሉ የሚያሾፉበት ይህ የሚዛን መርማሪነቴ ነው ጣጣውን ያመጣው። እንደሚያውቁት ሃያ ስድስት ዓመት ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ሚዛን ፈትሻለሁ፤ ደህናውን አትሜ፣ የሚሰርቀውን አሽጌ ኖሬያለሁ። ባለፈው ጊዜ የመንገዳችን ዳቦ ጋጋሪ፣ ያ ብስኩት የሚመዝንልን ሰውዬ፣ ተራው ደረሰ። የሚዛኑን ሳሕን ሳነሳው ከሥሩ በሙጫ የተለጠፈች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ብረት አገኘሁ። "ወንድሜ፣ ይህቺ ምንድን ናት?" አልኩት። "ነፋስ ሚዛኑን እንዳያነሳው ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ። መስኮቱም በሩም ዝግ ነበር። አሸግኩበት።

በማግሥቱ ዳቦ ልገዛ ብሄድ "ለአንተ ዳቦ የለም፤ መዝነህ ጋግረህ ብላ" አለኝ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። ሌላው ዳቦ ቤት ሩቅ ነው፤ እዚያም ቢሆን ሚዛን አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት መደርደሪያው ፊት ቆምኩና ልጅዎን ይቅርታ ጠይቄ ልብሱን አነሳሁ።

መመሪያው እሳጥኑ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ወርቅ የመሰለ ዳቦ ሥዕል አለ፤ ከአጠገቡ ልጅዎ በእርሳስ "ውሸት" ብላ ጽፋበታለች። እናቴ፣ ሦስት ዓመት የናፈቀኝን ድምፅ በአንዲት ቃል ሰማሁት። ወንበር ስቤ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሥቼ ሥራዬን ጀመርኩ።

መመሪያው ዱቄቱን በስኒ ስፈር ይላል። በስኒ! ስኒ እኮ ሚዛን አይደለም። አንዱ ጠቅጥቆ ይሰፍራል፣ ሌላው ሽው አድርጎ ያልፋል። እኔ በሕይወቴ በስኒ ሰፍሬ አላውቅም፤ ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት የመፈተሻ ሚዛኔን ይዤ መጥቻለሁ (አለቃዬ ፈቅዶልኛል፣ ለምን እንደ ሆነ ግን አልነገርኩትም)። የማሽኑን ጣሳ ሚዛኑ ላይ ሳስቀምጠው መሐሉ ላይ እንደ ወፍ ክንፍ ያለች አንዲት ብረት ቆማለች። ሊጡን የምታዞረውም የምታቦካውም እሷ ናት። ያኔ ግን ይህን አላወቅኩም። እኔ ያየሁት ሳሕን ላይ የተቀመጠ ብረት ነው። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪ ወዲህ ደግሞ ሳሕን ላይ ብረት ሳይ ደሜ ይፈላል። ክብደቷ ዱቄቱ ላይ ተደምሮ እንዳያሳስተኝ ነቅዬ አወጣኋትና ጥግ አኖርኳት። ከዚያ ዱቄቱን ሦስት ጊዜ መዘንኩ። ውሃውን መዘንኩ። ጨውና እርሾውን በወርቅ አንጣሪ ጥንቃቄ መዘንኩ። ክዳኑን ገጠምኩ፣ አማተብኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ።

ማሽኑ ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጉረመረመ። ከሦስት ሰዓት በላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጸሎቴን እያደረስኩ ጠበቅኩት። ስከፍተው ከላይ ዱቄቱ እንደ ገባ ቁጭ ብሏል። ከሥሩ የተቀቀለ ሙጫ የመሰለ ነገር አለ። ከሙጫው ሥር ደግሞ ጡብ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ክብደቱን አጠራለሁ ብዬ የሚያቦካውን እጅ ቆርጬ ጣልኩ። በዚያ ቀን ጡቡን በሻይ ነክሬ በላሁት። እርስዎ ምግብ መጣል ኃጢአት ነው ብለው አስተምረውኛል፤ ጨጓራዬ ግን እስከ ዛሬ እየተሟገተኝ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብረቷን በቦታዋ ተክዬ ጋገርኩ። ተሳካልኝ! ዳቦው አበጠ፣ ቀላ፣ ሽታው በቁልፍ ቀዳዳ አልፎ ደረጃውን ይዞ ወረደ። ወዲያው ከታች "ማን ነው ሰው በረሃብ የሚገድለው?" የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ።

ድምፁ ከእኔ ሥር ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው የመጋረጃ ሰፊዋ ነው። እርስዎ ያውቋታል። አምና ሲመጡ ደረጃው ላይ ደክሞዎት ወንበር ያወጣችልዎት እሷ ናት፤ "ይህቺ ሴት ሰው ታያለች" ብለው ነበር። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው የምትውለው፤ የልብስ መኪናዋ ሲንቀጠቀጥ የእኔ ወለል ላይ ይሰማኛል።

እንግዲህ ሽታውን ልኬባት ዳቦውን ልደብቅ አልችልም። ግማሹን ልሰጣት ይዤ ወረድኩ። በሯ ላይ ስደርስ ለካ ቢላዋ አልያዝኩም። ስትከፍት ደግሞ ሙሉውን እጇ ላይ አስቀምጬ ሽቅብ ሸሸሁ። ያን ቀንም ዳቦ ሳልበላ ዋልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት። በመጋረጃ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። "ዳቦው እጅ ያስቆረጥማል" አለችኝ፤ "አጥንቱ ግን ለእኔ ጥርስ ከበደ።" ስፈታው ያቺው ብረት ናት! ዳቦው ሥር ተሰክታ ከእሱ ጋር ወርዳለች። መሬት ብትከፈት በገባሁ። "ጥርስዎ ተጎዳ?" አልኳት። "ኧረ የኔ ጥርስ ደህና ነው፤ የጮኸው ቢላዋዬ ነው" አለችና ሳቀች።

ይግቡ አላልኳትም። የልጅዎ ነጠላ ጫማ በሩ ሥር ነው። እሷም ጫማውን አየችው፤ የማን ነው ብላ አልጠየቀችም። ሳትረግጠው ወደ ጎን ፈንጠር ብላ ቆመች። ይህን የጻፍኩልዎት እንዲያውቁት ብዬ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ አንድ ጊዜ ያሳፈረኝን ዳቦ ልካስ ብዬ ሌላ ጋግሬ ወሰድኩላት። ባያምኑኝም እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜም ብረቷን ማውጣት ረሳሁ። ለምን ቢሉ፣ የሸሚዜን ቁልፍ አዛንፌ ቆልፌ እንደ ሆነ እያየሁ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ መጣች። በዚህ ጊዜ መጠቅለያው ሰማያዊ ነው። "ዛሬስ አጥንቱ መሐል ድረስ ገብቷል፤ ከብቱ እየወፈረ ነው" አለች። በር ላይ ቆመን ጥቂት አወራን። ስለ ሥራዋ ነገረችኝ። "ሰው መጋረጃ የሚያሰፋው እንዳይታይ ነው፤ ሰቅሎ ሳይጨርስ ግን ጫፉን ገልጦ ጎረቤቱን ያያል" አለች። እኔም የዳቦ ጋጋሪውን ነፋስ ነገርኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እናቴ፣ የራሴን ሳቅ ስሰማ ደነገጥኩ፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወንድ የገባ ነው የመሰለኝ።

እዚህ ድረስ ኃጢአት የለብኝም። ረስቼ ነው። ኃጢአቴ የሚጀምረው ከሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።

ዳግመኛ እንዳላፍር ብዬ በሳምንቱ መሐል ጠንካራ ሽቦ ቆልምሜ ብረቷን ከዳቦው ሥር የሚያወጣ መሣሪያ ሠራሁ። ጥሩ ሆኖ ወጣልኝ። ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ምስማር መትቼ ሰቀልኩት። ቅዳሜ ዳቦው ደረሰ። ገለበጥኩት። ብረቷ ከሥሩ አፍጥጣ ታየችኝ። ሽቦውን ከምስማሩ አነሣሁ። ያዝኩት። አየሁት። መልሼ ሰቀልኩት።

ለምን እንደ ሆነ አላወቅኩም ብል ዓይኔን ግንባር ያድርገው። አውቄአለሁ። ብረቷ ከወረደች ሰው ይዟት ይወጣል።

ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። እኔ ይህ አመል አልነበረኝም፤ በስተርጅና ነው ያበቀልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ከሳሕን ሥር ብረት የሚደብቁ ነጋዴዎችን ሳሳፍር ኖሬ፣ ዳቦ ውስጥ ብረት ደብቄ ለባልቴት ሰጠሁ። ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ነፋስ የሚል ምክንያት ነበረው። እኔ ምን አለኝ? ሰኞ ሰኞ ሥራ ስገባ የሰው ሚዛን ሳነሣ እጄ ያፍራል። አንድ ቅመም ነጋዴ ሚዛኑን ልፈትሽ ሳነሣ "ጌታዬ፣ ዛሬ ምነው ፊትዎ ቀላ?" አለኝ፤ ሳልፈትሽ አተምኩለት። በኋላ ኅሊናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ተመልሼ ፈተሽኩ። ደግነቱ ልከኛ ነበር።

ቅዳሜ እየመጣ ሲሄድ እኔም እየባሰብኝ ሄድኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ዳቦውን አወርዳለሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ብረቱ ይወጣል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጢሜን እላጫለሁ። ለብረት የሚላጭ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ መሆን አለብኝ። መጠቅለያው በየሳምንቱ ሌላ ነው፤ አንዴ ባለ መስመር፣ አንዴ አረንጓዴ። ጨርቆቹን አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬአቸዋለሁ። መጣል ነበረብኝ፤ አልጣልኳቸውም።

ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ካደረግኩ በኋላ አልቻልኩምና ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። "አባቴ፣ ዳቦ ውስጥ ብረት ደብቄ ለሰው ሰጥቻለሁ" ስላቸው ክው አሉ። "ምን አድርገውህ ነው ልትገድላቸው የፈለግከው?" አሉኝ። ኧረ እንዲህ አይደለም ብዬ ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳቸው። በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሰሙኝ፤ አክብረውኝ ነው የሸፈኑት። "የተሰበረ ጥርስ አለ?" አሉ። "የለም" አልኩ። "እንግዲያው ንስሐህ እውነቱን ለሴትዮዋ መንገር ነው።" "አባቴ፣ በዚያ ፈንታ ጾም ቢሰጡኝስ?" አልኳቸው። "ጾምማ ቀላሉ ነው፤ አንተ ዳቦህን ሰጥተህ መጾም ለምደሃል" ብለው አሰናበቱኝ።

አልነገርኳትም። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ሁለት ቅዳሜ አሳለፍኩ። ስትመጣ ብረቷን እቀበላለሁ፣ ስለ መጋረጃ እጠይቃለሁ። መጋረጃን በሚመለከት ዛሬ ብዙ አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ግን እኔ ያልከፈትኩትን አፍ ራሱ ከፈተው። በሁለተኛው ቅዳሜ እሷ በር ላይ ቆማ ሳለች ማንቆርቆሪያው ጮኸ፤ ለራሴ ሻይ ጥጄ ነበር። ላጠፋው ዞር ስል የማድ ቤቱን በር ገርበብ አድርጌ ተውኩት። ስመለስ ወደ ውስጥ እያየች ነው።

"ያ ቆልማማ ሽቦ ምንድን ነው?" አለችኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ያልዋሸ ምላስ በየት በኩል ይዋሽ? "ብረቱን ከዳቦው ማውጫ ነው" አልኳት።

"ጥሩ ነገር ነው። ዛሬ ነው የሠሩት?"

"አይ፣ ቆይቷል።"

"ስንት ጊዜ ቆየ?"

"አምስት ቅዳሜ" አልኩ።

የሜትሯን ጫፍ ይዛ ትጠቀልለዋለች፣ ትፈታዋለች። እኔ ወለሉን እያየሁ ነው። ከዚያ ጀመረችኝ። "አምስት ቅዳሜ ሙሉ! እኔ ይህን ሁሉ ደረጃ ስወጣ ስወርድ! ምስኪን ሰውዬ፣ ብቻውን ነው፣ ዕድሜም ነው፣ ይረሳል እያልኩ ሳዝንልህ! የሻይ ቤቷን ሴትዮ እንኳ 'ለመርሳት የሚሆን መድኃኒት ታውቂያለሽ ወይ' ብዬ ጠይቄልሃለሁ!" እናቴ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንቱ ነበር የምትለኝ።

ይቅርታ ጠየቅኋት። ለንስሐ አባቴ መናገሬንም ነገርኳት፤ እንደሚያቃልልልኝ ነበር ተስፋዬ። "ጭራሽ ቄስም ያውቃል!" አለች። ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለእኔ ሳይሆን ለበሩ መቃን የምትናገር ይመስል፣ "ታዲያ እኔስ ምኔ ጤነኛ ነው? ለብረት ብዬ ቀሚስ የምቀይር" አለች።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቃል በቃል ልጻፍልዎት፤ ልመናዬ የሚመጣው ከዚህ ነውና።

ብረቷን ከመጠቅለያዋ አላወጣችም። መልሳ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። "ይህ እኔ ዘንድ ይቆያል" አለች። ያለ እሱ መጋገር አልችልም ብላት "እሱማ አውቃለሁ" አለችኝ። "ደብቀህ የሰጠኸኝን ነገር ደብቄ አልመልስልህም። በግልጽ ነው የሚወሰደው። አንተ ግን ብቻህን አትምጣ። ትልቅ ሰው ይምጣልህ። ያሳደገህ ሰው፣ ስታጠፋ የሚቆጣህ ሰው። በእጁ አስረክበዋለሁ።" ይህን ብላ ወረደች። የልብስ መኪናዋ ያን ቀን አልተንቀሳቀሰም፤ ወለሉን በጆሮዬ ስጠብቅ ነበር።

ዛሬ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ማሽኑ ልብሱን ለብሷል። ብስኩት ነው የምበላው። ደረጃው ላይ ስንገናኝ "እንደምን ዋሉ" ትለኛለች፤ እንደገና አንቱ ሆኛለሁ። ከአንቱታዋ ይልቅ ግን ኪሷ ውስጥ ያለው ነገር ድምፅ ሳይሰጥ ይሰማኛል።

ትልቅ ሰው ይምጣ ስትለኝ ማን አለኝ ብዬ አሰብኩ። አባቴንና እናቴን እርስዎ አያውቋቸውም፤ እኔም በደንብ አላውቃቸውም። ልጅዎን ሳገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሸሚዝ መተኮስ አልችልም፣ ሰው ፊት አፌን ሞልቼ አወራለሁ፣ ሲከፋኝ ሳልናገር ሦስት ቀን እቀመጣለሁ። ሸሚዙን አስተማሩኝ። አፌን ዘግቼ እንዳኝክ በማንኪያ እጄን መቱኝ። ያኮረፍኩ ቀን "ወይ ተናገር ወይ ሣር ብላ" ብለው ሳቅ በሳቅ አደረጉኝ። አለቃዬ ይገሥጸኛል፣ የንስሐ አባቴ ይመክሩኛል። የሚቆጣኝ ሰው ብዬ ሳስብ ግን ከእርስዎ በቀር ማንም አልመጣልኝም።

ይህን መለመን ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቅም አይበሉ። አውቃለሁ። ማንን እየለመንኩ እንደ ሆነም አውቃለሁ። በጸሎቴ ለልጅዎ ነግሬአታለሁ። መልስ አልሰጠችኝም፤ በሕይወት ሳለችም ሳታስጨንቀኝ መልስ ሰጥታኝ አታውቅም። ስሟን ሳልጠራ የጀመርኩት ማለዳ የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። የነጠላ ጫማዋ ጉዳይ ደግሞ የእርስዎ ነው። ያኑሩት ካሉ ይኖራል፤ ልውሰደው ካሉ በእጅዎ ይውሰዱት። እኔ በእግሬ እንኳ ገፋ አላደርገውም፤ የመጋረጃ ሰፊዋም አታደርገውም፤ እንዴት እንደ ቆመች ጽፌልዎታለሁ።

የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚስቴን ቀብሬአለሁ። ይህን ደብዳቤ በመጻፌ እናትም በቁሜ እንዳላጣ እፈራለሁ። ሦስት እሑድ አፌን የያዘኝ ይኸው ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከመጡልኝ አውቶቡሱ ማለዳ ስለሚነሣ ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ አይውጡ። መናኸሪያው ድረስ መጥቼ እጠብቅዎታለሁ። ደረጃው እንደሚያስቸግርዎት አልረሳሁም፤ ግን ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ብቻ ነው፣ ሦስተኛው ድረስ መውጣት አያስፈልግዎትም። ያቺን ጥቁር ካባዎን ቢለብሱ ደስ ይለኛል፤ እሷን ሲለብሱ ሰው ሁሉ ይነሣልዎታል። ምን ልበላት ብለው አይጨነቁ። "የልጄን የማሽን ብረት ልረከብ መጣሁ" ማለት ይበቃል። እኔ ከኋላዎ እቆማለሁ። እዚያው ሊቆጡኝም ይችላሉ፤ እንዲያውም ቢቆጡኝ ይሻላል፣ ሴትዮዋ ሰው እንዳለኝ ታያለች።

ልብዎ እምቢ ካለ ደግሞ መልስ አይጻፉ። አልቀየምም። ሌላ ብረት የሚሸጥበት ሱቅ አለ ይላሉ፤ አልገዛም። እሑድ እንደ ወትሮው እደውላለሁ፣ ስለዚህ ደብዳቤም አላነሣብዎትም፤ ያልተጻፈ ያህል ይሆናል። ስልኩን ብቻ ያንሡልኝ።

በሉ እንግዲህ፣ አምላክ ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደጅዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ። ቁጣዎን አያሳጣኝ።

ከፈቀዱ፣

ልጅዎ